ግለሰቡ

ልጁ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ግለሰቡ» ብሎ አነበበ። «ግለሰቡ ከተወሰነው ክብደት በታች የሆነ ዳቦ ጋግሮ ሲሸጥ በመገኘቱ፣ የንግድ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ እንዲታሸግ ተወስኗል።» ግለሰቡ ከፊቱ ቆሞ ነበር፤ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሶ፣ ዳቦ ከምድጃ የሚያወጣበትን ረጅም እንጨት በቀኝ እጁ ይዞ። ሰፈርተኛው ጋሽ ትኩስ ይለዋል፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከዚህች መስኮት የቀዘቀዘ ዳቦ ገዝቶ የሄደ ሰው የለም ስለሚባል ነው። ወረቀቱን ያነበበለት ተቆጣጣሪ ደግሞ የበኩር ልጁ ነው። ጠዋት የወጡት ከአንድ ቤት ነበር፤ አባት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልጅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ትናንት ራት ላይ ልጁ ጨው አቀብሉኝ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም፤ አባትም የሥራ ድካም መስሎት ትቶታል።

ከልጁ ጋር ሁለት ሰዎች መጥተዋል፤ አንዱ ሚዛን ይዟል፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው። ባዶ እጁን የመጣው ዳቦውንም ሚዛኑንም አያይም፤ የሚያየው ልጁን ነው። ዳቦዎቹ በየተራ ሚዛን ላይ ወጡ፤ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ አንድ ግራም። መቶ መሆን ነበረበት። ጋሽ ትኩስ አልተከራከረም፤ የሚያውቀውን ነው ያነበቡለት። አንድ ዳቦ በአምስት ብር እንዲሸጥ ተተምኗል። ተመኑ የወጣው ለዳቦ ጋጋሪዎች ማህበር አባላት በኮታ በሚታደለው ዱቄት ሂሳብ ነው፤ ኩንታሉ በሦስት ሺህ። እሱ ከማህበሩ ውጭ ስለሆነ ያንኑ ዱቄት ከገበያ በሰባት ሺህ ይገዛል። የገበያው ዱቄት ከማህበሩ ሊቀመንበር መጋዘን በጓሮ በር እንደሚወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጆንያው ላይ ያለውን የኮታ ማህተም ለመፋቅ እንኳ የደከመ የለም። በዚህ ዱቄት መቶ ግራም ዳቦ በአምስት መሸጥ ኪስን ቀዶ ማደል ነው። አራት ወር አደለ። ከዚያ ዳቦው ዘጠና ግራም ሆነ፣ ከዚያ ሰማንያ ሁለት። ደንበኞቹ «ጋሼ፣ ዳቦህ ሐሳብ ገባው እንዴ፣ ከሳብን» ሲሉት «ጋጋሪውን አይቶ ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ከማህበሩ ውጭ ያደረገው አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ዱቄቱ የሕዝብ ከሆነ ለምን በማህበር ስም የአንድ ሰው መጋዘን ይገባል?» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። በማግስቱ ፋይሉ ጠፋ። ፋይል የሌለው አባል አይሆንም፣ አባል ያልሆነ ኮታ አያገኝም፤ ያጨበጨበለትም ሰው ሁሉ የራሱን ኮታ ሊወስድ ተሰለፈ።

አሁን ከመስኮቱ ውጭ ሕዝቡ ተሰልፏል። ማቡኪያው ውስጥ የአንድ ኩንታል ዱቄት ሊጥ እርጥብ ጨርቅ ተከናንቦ ተኝቷል፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ጨርቁን ወደ ላይ መግፋት ጀምሯል።

«ሊጡ ኩፍ ብሏል» አለ ጋሽ ትኩስ። «አንድ ሰዓት ተኩል ስጡኝና ጋግሬ ላውጣው። ከዚያ እሸጉ።»

ልጁ ወደ ማቡኪያው አየ። ኩፍ ያለ ሊጥ ምን ማለት እንደሆነ ከእነዚያ ሁለት ሰዎች ይልቅ እሱ ያውቃል፤ በልጅነቱ የቤት ሥራውን እዚሁ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው የሠራው። ከዚያ ባዶ እጁን የቆመውን ሰው አየ።

«መመሪያው አይፈቅድም» አለ። «እርስዎ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።»

እቤት «አባዬ፣ አንተ» ነው የሚለው። ጋሽ ትኩስ «እርስዎ» የተባለው ሰው ከኋላው የቆመ ይመስል ዘወር ሊል ምንም አልቀረውም። ከዚያ እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ የምድጃውን ማብሪያ አጠፋ፣ ኮቱን ከምስማር ላይ አወረደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራው አቡኪ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ተከትሎት ወጣ። በሩ ተዘጋ፤ ባለ ቀይ መስመር ወረቀት በመዝጊያውና በመቃኑ ላይ ተለጠፈ። ልጁ እዚያው እንደተለጠፈ ፈረመበት። የታሸገው ሰው ስም ከላይ፣ ያሸገው ሰው ስም ከታች ነው። በታችኛው መስመር ላይ ከልጁ ስም ቀጥሎ ያለው ስም፣ በላይኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ያለው ያው ስም ነው። ከተሰላፊዎቹ አንዷ ሴት ወረቀቱን አንብባ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ሊቀመንበሩ ዳቦ ቤት ወረፋ ለመያዝ ፈጠን ብላ ሄደች። የሌሎቹም እግር ተከተላት። ሰው ልቡ ቢያዝንም ሆዱ አይጠብቅለትም።

ጋሽ ትኩስ ቤቱ አልሄደም። የዱቄት ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ይዟቸዋል፤ የሰባት ወር ደረሰኝ ነው። ልጁ በሚሠራበት የንግድ ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ዘንድ ተቀመጠ። ጸሐፊው የቀድሞ አስተማሪ ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ጽፎ ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ነበር። የዛሬው ነገር ግን አንገበገበው። ዱቄቱ ለምን እንደተከለከለ፣ ፋይሉ መቼ እንደጠፋ፣ የኮታው ዱቄት በየት በኩል ወጥቶ ገበያ እንደገባ በቀን በቀኑ እየጠየቀ ሁለት ገጽ ሞላ። በሰባት ሺህ የተገዛ ዱቄት በሦስት ሺህ ተመን እንዲሸጥ ማስገደድና አልቻልኩም ያለውን ማሸግ ፍርድ አይደለም ሲል ደመደመ። መልሶ ሲያነብለት ጋሽ ትኩስ የራሱ ታሪክ መሆኑን ረስቶ «እንዴት ያለ በደል ነው» አለ። ጸሐፊው በዚህ ማስረጃ ድንጋይም ይፈርዳል ብሎ ለሽማግሌ ብሎ ግማሽ ሂሳብ ብቻ ተቀበለው። ተቆጣጣሪው ልጅህ ነው ወይ ብሎ ግን አልጠየቀውም፤ እሱም አልነገረውም።

የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ረጅምና ጨለማ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ስፖንጃቸው ተቦጭቋል፤ ግድግዳው ሰው ጭንቅላቱን በሚያስደግፍበት ከፍታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። «ቅሬታ መቀበያ» የሚለው መስኮት ዝግ ነው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከጎኑ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ዘይት ዋጋ ሲያወሩ፣ አንደኛው ሳሙና ይሠራ እንደነበርና አሁን የሌላ ሰው ሳሙና እንደሚያዞር፣ ትርፉ ባይኖረውም እንቅልፍ እንዳለው ይናገራል። ጋሽ ትኩስ ደረሰኞቹን በቀናቸው እየደረደረ ሳለ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በበሩ አንገቷን አውጥታ አየችው። የድሮ ደንበኛው ናት፤ ልጆቿን ሁሉ በእሱ ዳቦ ነው ያሳደገችው። በጣቷ ጠቅሳ ወደ ፋይሎቹ ክፍል አስገባችውና በሩን ገርበብ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይህን ለማንም አሳይተሃል?»

«ገና ነው። መስኮቱ ዝግ ነው።»

«እንኳን ዝግ ሆነ።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ሰኞ ዕለት ስብሰባ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከክብደት በታች የሚጋግሩ አሉ ብሎ የእሱን ዳቦ ቤት ጠራ። ከዚያ የማን አባት ዳቦ ቤት እንደሆነ እያወቀ፣ ማን ይሂድ ብሎ ጠየቀና ዓይኑን ልጁ ላይ ጣለ። ልጁ ዝም ሲል፣ የሥጋ ዘመድ የሚሸፍን ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን አይጨርስም አለ። ትእዛዙን ግን በወረቀት አልሰጠም። እሷ መዝገብ ቤት ስለሆነች ታውቃለች፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ፊርማ የልጁ ብቻ ነው። ሕጉ ደግሞ ሲያዩት መልካም ነው፤ ቅሬታው እውነት ሆኖ ከተገኘ ያላግባብ እርምጃ የወሰደው ባለሙያ ከሥራ ይሰናበታል፣ ይከሰሳል ይላል። ዓምና ሁለት ልጆች በዚህ ሄደዋል። ሁለቱም በቃል የታዘዙትን ያደረጉ ነበሩ።

«ብትረታ የምትረታው ማንን ነው?» አለችው። «ኃላፊው ያለው ከፊርማው በላይ ነው። ከፊርማው በታች ያለው ልጅህ ነው።»

ጋሽ ትኩስ የመደርደሪያውን ብረት ይዞ ቆመ። ልጁ ታዲያ ለምን አልነገረኝም ብሎ ጠየቃት። ነግሮህ ቢሆን ምን ትለው ነበር አለችው። ልጁ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሥራ አጥቶ የተቀመጠባቸው ሦስት ዓመታት ታወሱት። ጧት ከዳቦ ቤት ሲመለስ ልጁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያገኘው ነበር፤ ተኝቶም ነቅቶም። እናቱ የዳቦ መቁረጫ ቢላዋውን ከወጥ ቤት አንስታ በልብስ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችበት ወራት ነበር። የሥራ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ ዕለት ሦስቱም ተቃቅፈው አልቅሰዋል። ማመልከቻውን አራት ቦታ አጠፈና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሴትዮዋን አመሰገናትና የኃላፊው ቢሮ የት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።

ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው፣ አባታችን ብሎ አስቀመጠው፣ ውሃ አስመጣለት። ቢሮው ምንጣፍ አለው፤ የጋሽ ትኩስ ጫማ ላይ የደረቀው ሊጥ በየእርምጃው ነጭ ምልክት ይተው ነበር። ኃላፊው ምልክቱን አይቶ ፈገግ አለ። ስለ ልጁ አነሳ፤ ጨዋ ነው፣ ሌላ ቢሆን ይሸፍን ነበር፣ ይህ የአስተዳደግ ውጤት ነው አለ። ጋሽ ትኩስ ምስጋናውን አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበለ።

«ጥፋቴን አምኜ የንግድ ፈቃዴን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለ።

ኃላፊው ለመገረም ጊዜ አላጠፋም፤ ቅጹ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «በራሴ ፈቃድ» ብለው ይጻፉበት አለው። ጋሽ ትኩስ በራሴ ፈቃድ ፈቃዴን መልሻለሁ ብሎ ጻፈ፤ ነገሩ ቅኔ እንደሚመስል ልብ ብሎ ሊስቅ አሰበና ተወው። ምድጃውስ ምን ያደርግልዎታል አለ ኃላፊው፤ ማህበሩ ቢረከበው ለሚጣልብዎት ቅጣት ይታሰብልዎታል፣ ሕዝቡም ይጠቀምበታል። ለዚያም ሌላ ወረቀት ነበር። ፈረመ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ውስጥ የቀረውን ሊጥ ልድፋው፣ ለጎረቤት ይሸታል አለ። ኃላፊው ስልኩን አንስቶ በተቆጣጣሪ ፊት እንዲከፈት አዘዘ፤ ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ትኩስ ዳቦ ቤቱ ሲደርስ አቡኪው ከጠዋት ጀምሮ ካለበት ከበሩ ሥር ነው። ልጁ ቁልፉን ይዞ መጣ፤ ባዶ እጁን የሚሄደው ሰውም ከኋላው። ወረቀቱ ተቀደደ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሆምጣጤ የሚል ትንፋሽ ወጥቶ ፊታቸውን ገረፋቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲጋል ውሏል። ሊጡ ጨርቁን ገፍቶ፣ የማቡኪያውን ከንፈር አልፎ፣ በጎኑ ወርዶ ወለሉን ይዞታል፤ እስከ ጆንያዎቹ ግርጌ ደርሶ እዚያ ደክሞት የተኛ ይመስላል። ላዩ ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ጋሽ ትኩስና አቡኪው አካፋ ይዘው ወደ ባዶ ጆንያ ያስገቡት ጀመር። ሊጡ አካፋውን ይዞ አልለቅም ይላል፣ ክንድና ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ሲጎትቱት እንደ ሰው ያቃስታል። አቡኪው ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ትኩስ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ነገረው። አቡኪው አካፋውን አስቀምጦ ማቡኪያውን በእጁ ይፍቀው ጀመር። ማንም ዳግመኛ የማያቦካበትን ዕቃ፣ ጥጋ ጥጉን ሳይቀር በጥፍሩ እየፋቀ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አጽድቶት በማያውቀው አኳኋን አጸዳው።

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። በኋላ ጃኬቱን አወለቀ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ባዶ እጁን የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ትኩስ ከአካፋው ቀና ሳይል «ተው፣ ልብስህ ይበላሻል» አለ። ድምፁ ልጁ ተማሪ ቤት ሲሄድ የሚያውቀው ድምፅ ነበር። ልጁ እጅጌውን እንደሰበሰበ ባለበት ቀረ፤ መግባትም መውጣትም አልቻለም። ስድስት ጆንያ ሊጥ ወጥቶ በጋሪ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደ። በሩ እንደገና ተዘጋ።

ቤታቸው በኮምፔርሳቶ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ወዲያ ልጁ፣ ወዲህ ባልና ሚስት ይተኛሉ፤ መሐል ላይ ጠረጴዛው አለ። እናት ወሬውን ከጎረቤት የሰማችው ገና ጠዋት ነው። ራቱን አቀረበች፣ ሩዝና ድንች ነው፣ ለባሏ ጨለፈችለት፣ ለልጇም ጨለፈች፤ ከሁለቱም ፊት ላይ ዓይኗን አላሳረፈችም። ውጭ ገና አልጨለመም። ልጁ ሩዙን ወዲህና ወዲያ ሲገፋው ቆይቶ፣

«ቅሬታ አስገባህ፣ አባዬ?» አለ።

ጋሽ ትኩስ ልጁን አየው። ጥያቄውን ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ እንደፈጀበት፣ መልሱንም እንደፈራው ከከንፈሩ አወቀ።

«አላስገባሁም። ራሴም ልተወው እያሰብኩ ነበር። ወገቤ እምቢ አለኝ፣ ሌሊት መነሳቱ ከበደኝ። ሄጄ ፈቃዱን መለስኩ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። ዕድሜ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግክ።»

የልጁ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። ሳምንቱን ሙሉ ሳንባው ውስጥ ይዞት የነበረ የሚመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔም እኮ ለአንተ ይሻልሃል ብዬ አስብ ነበር» አለ፤ ሲናገረው ራሱም እያመነው ሄደ። ዕረፍት እንደሚያስፈልገው፣ የሙከራ ጊዜው በሚቀጥለው ወር እንደሚያልቅ፣ ደመወዙም እንደሚጨመርለት፣ የቤት ኪራዩን ከእንግዲህ እሱ እንደሚከፍል ነገራቸው። እየተናገረ መብላት ጀመረ፤ ለቀናት እህል እንዳልቀመሰ ሰው ይጎርስ ነበር። አባት ተባረክ አለው። ሸክም ያወረደ ሰው ማየት ደስ ይላል፤ ጋሽ ትኩስም ደስ አለው፣ ሸክሙ የት ላይ እንደወረደ ግን ያውቃል። እናት ልጇ ሳይጨርስ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ አመስግኖ ተነሳና ወደ ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቶ አልጋው ሲንቋቋ ሰሙ።

ሚስት የባሏን ኮት ልትሰቅል ስታነሳ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ነካት። አራት ቦታ የታጠፈውን ዘረጋችና መስኮቱ ጋ ቆማ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ቀኖቹን፣ ደረሰኞቹን፣ ፍርድ አይደለም የሚለውን። ጋሽ ትኩስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስታነብ ያያታል። ስትጨርስ በታጠፈበት አጠፈችውና መልሳ ኪሱ ውስጥ አስገባችው።

«ወገቤን አልክ?» አለችው በሹክሹክታ።

ኮምፔርሳቶው ስስ ነው። ጋሽ ትኩስ ከወዲያ በኩል እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዎ፣ ወገቤን ነው» አለ።

በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ወገቤን ሲል ሰምታው አታውቅም። የሚታሸውን ቅባት ከቁም ሣጥኑ አወረደች፣ እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ በሆድህ ተኛ አለችው፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበችና የማያመውን ወገቡን ታሸው ጀመር።